አምስቱ ሳራዎች

ባለፈው ሳምንት ሞጣ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት አስባዝቼ ስወጣ ገጹ ገና ትኩስ ነበር። እንደ ዳቦ ደረቴ ላይ አስጠግቼ ይዤው ጥቂት እንደሄድኩ የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ገባና መንገድ ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ የመጣው ባጃጅ ጡሩምባውን ለቀቀብኝ። «ማዘር፣ ዞር በይ እንጂ!» አለኝ ሹፌሩ። ዞር አልኩለት። ልቤ ግን ሞጣ አልነበረም፤ ብቸና ሄዷል፣ ሰባተኛ ክፍል።

ሽታው እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። የዛሬው የማሽን ቀለም ደረቅ ነው፣ የተተኮሰ ልብስ ይመስላል። የያኔው የስቴንስል ቀለም ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር፤ ወረቀቱን የነካ ጣት እስከ ማታ ጠቁሮ ይውላል። የሁለቱ ዝምድና፣ ሁለቱም እንድናነብ የተሰጠን የእንግሊዝኛ ታሪክ የያዙ መሆናቸው ነው። እኔ ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ በኋላ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆንኩ ሴት ነኝ። ሞጣ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ በሚሰጥ የኮሌጅ ትምህርት ተመዝግቤ፣ ከልጆቼ በሚያንሱ ልጆች መካከል ከፊት እቀመጣለሁ። ወጣቱ የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ አጭር ታሪክ ሰጠንና «ስለ ታሪኩ አንድ ሐሳብ ያዙ፤ ያንን ሐሳብ በሁለት ገጽ ተከራከሩለት» አለን። «አንድ» የምትለዋን ጠበቅ አድርጎ ነው የተናገራት። ሌሎቹ ሲጽፉ እኔ ሳቄ መጣ። ያችን «አንድ» ከብዙ ዓመት በፊት ሰምቻታለሁ፤ ያኔ ግን አላሳቀችኝም።

ያኔ ብቸና እንዲህ አልሰፋችም። ከትምህርት ቤት ስንወጣ በዋናው መንገድ ቁልቁል የምናየው ቆርቆሮ ክዳን በጣት ይቆጠር ነበር። የደንብ ልብሳችን ካኪ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲሰፋ ሁለት ዓመት እንዲያስኬድ ሰፋ ተደርጎ ስለሚሰፋ በመጀመሪያው ዓመት ሁላችንም የታላቆቻችንን ልብስ የለበስን እንመስላለን። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ አለ፤ በፀሐይ የሚያልብ፣ በክረምት የሚያንሸራትት፣ ሲበጠስ በጋለ ቢላ የሚጣበቅ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የምትቀመጥ ሴትዮ አምባሻና ቆሎ ትሸጥ ነበር። ከእሷ ጎን ያለው ሱቅ ባለመስመር ሉክ ሁለቱን በአምስት ሳንቲም ይሸጣል፤ ሰማያዊ እስክሪብቶ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ቀይ የሚገዛ የለም፣ ቀይ የመምህር ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ያለው ልብስ ሰፊ ቴፕ ነበረው። አንዲት ካሴት ብቻ ስለነበረችው ዓመቱን ሙሉ ያችኑ እየገለበጠ ያስደምጠናል፤ ከመደጋገሟ የተነሳ ቴፑ ሲጎትታት እኛም ጎተት አድርገን እንዘፍናት ነበር። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ ቦታው የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ቆሜ ያችን ዜማ ሳንጎራጉር አንዲት ልጅ «ቻርጀር ነው የፈለጉት?» አለችኝ።

አባቴ የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ወጣትነታቸውን መርጡለ ማርያም በትምህርት አሳልፈው ብቸና የገቡ፣ ከተማው ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ነበር። ተማሪዎቻቸው ከደጃችን ካለው ወይራ ሥር ይቀመጣሉ፤ አንዱ ንባቡን ያነባል፣ አባባ ትርጓሜውን ይሰጣሉ። «አንድም እንዲህ ማለት ነው፤ አንድም እንዲህ ማለት ነው» እያሉ ከአንዲት ዐረፍተ ነገር አራት አምስት ፍች ያወጣሉ። አንዱ ፍች ሌላውን አያባርረውም፤ ሁሉም ከአባቶች የመጣ ስለሆነ ሁሉም ይያዛል። እኔ እህል እየለቀምኩም፣ የቤት ሥራዬን እየሠራሁም ያንን ስሰማ ነው ያደግሁት። ማንበብ ማለት ይኼ ይመስለኝ ነበር፤ ሊቅ ማለትም ብዙ «አንድም» ያለው ሰው።

በሌላው ትምህርት ደህና ነበርኩ። እንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ወድቄያለሁ። ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛን የወደቀ ክፍሉን ይደግማል። ሞጣ ደግሞ የአባቴ ታናሽ እህት አክስቴ አንጓች ነበሩ፤ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፣ ልጅ አልወለዱም፣ የሚያግዛቸው ሰው ይፈልጋሉ። ውጤቴን በሰሙ በሳምንቱ በአውቶቡስ ብቸና መጡ።

«ጋሼ፣ ልጅቱን ይስጡኝ» አሉ ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ። «ፊደሉን ቆጥራለች፣ መደመር መቀነሱን ታውቃለች። ፈረንጅ ሞጣ መጥቶ ቡፍታ አይገዛኝ! እንግሊዝኛው ለምኗ ነው?»

«ገና ዓመቱ አላለቀም» አሉ አባባ።

«ከወደቀችስ?»

አባባ ወደኔ ዞር ብለው አዩኝ። «ከወደቀች ትወስጃታለሽ» አሉ። «ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አላስቀምጣትም። የምታልፍ ከሆነ ግን ይኼን ነገር እንዳታነሽብኝ።»

አክስቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ያን ቀን ሲመለሱ አበባ ያለው ሻሽ ትተውልኝ ሄደዋል። እኔ ግን ሻሹን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ካሰርኩት የሞጣ ልጅ የምሆን መሰለኝ። አልሄድም ብዬ ለራሴ ቆረጥኩ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን መምህር አስናቀ ይባላል። ወጣት ነው፤ አንድ ቡናማ ኮት ነበረው፣ ክርኑ ላይ በጥቁር ጨርቅ የተጣፈ። የመማሪያ መጽሐፉ ለአራት አንድ ስለሚደርስ በስቴንስል ያባዛውን ሁለት ገጽ ታሪክ አንድ ቀን ለእያንዳንዳችን አደለን። «ይኼ ኮምፖዚሽን አይደለም» አለ። «ስለ ላማችሁና ስለ ክረምት ዕረፍታችሁ አትጽፉልኝም። ታሪኩን አንብባችሁ፣ ግርጌው ላይ ያለችውን ጥያቄ የሚመልስ ኤሴይ ትጽፋላችሁ። የሴሚስተሩ ግማሽ ውጤት እዚህ ላይ ነው።» ግማሽ ሲል ሞጣ ዓይኔ ላይ መጣች።

ታሪኩ ስለ ሳራ ነው። ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ወንዝ ተሻግሮ ሄዷል። እናቷ «እስኪመለስ መብራቱ ከመስኮቱ አይነሳ» ብላት ነበር፤ እናቷም ሞተች፣ ሳራም መብራቱን እያበራች ዓመት ከዓመት ቆየች። አንድ ምሽት አሮጊት ጎረቤቷ መጥታ በር ላይ ቆመችና «ጨለማ ውስጥ ነኝ፣ ጥቂት ዘይት ስጪኝ» አለቻት። ሳራ ዘይት አልሰጠቻትም፤ መብራቱን ራሱን ከመስኮቱ አንስታ ሰጠቻት፤ አሮጊቷም ተቀብላ ሄደች። ከዚህ በኋላ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት የቀረችው፤ ከእሷ ሥር «ሳራ መብራቱን ለምን ሰጠች?» ይላል።

እኔ የጻፍኩትን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ አራት ሉክ ፈጅቷል። ሳራ መብራቱን የሰጠችው ተስፋ ስለቆረጠች ነው፤ ኦር ለአሮጊቷ ስላዘነች ነው፤ ኦር ወንድሟ መንገዱን ያለ መብራት ስለሚያውቅ ነው፤ ኦር ወንድሟ እንደሞተ ስለገባትና መብራት በሕይወት ላለ ሰው ስለሚሻል ነው፤ ኦር ዘይቱ ሊያልቅ ስለነበረ ነው። አባባ «አንድም» በሚሉበት ቦታ ሁሉ እኔ የእንግሊዝኛውን «ወይም»፣ «ኦር»ን፣ አስገባሁ። ከክፍላችን አምስት ፍች ያገኘ እንደሌለ አውቃለሁ። ወረቀቱን ሳስረክብ አንገቴ ቀና ብሎ ነበር።

በሳምንቱ መምህር አስናቀ ወረቀቱን ሲመልስ የእኔ ላይ ውጤት የለም። እያንዳንዷ «ኦር» በቀይ ተከባለች። «ትሁን፣ ተነሺ» አለኝ ስሜን ጠርቶ። «እኔ የማውቀው አንዲት ሳራን ነው። አንቺ አምስት ልከሽልኛል። የትኛዋ ናት?»

«ሁሉም ናቸው፣ ቲቸር።»

«አንዷ ተስፋ ቆርጣለች፣ አንዷ ዘይት ትቆጥባለች፣ አንዷ ሐዘን ተቀምጣለች። ሁሉም ከሆኑማ ቤቱም አይበቃቸው!» ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ ይበልጣል የሚባል ነገረኛ ልጅ «አምስተኛዋ ሞጣ ትሂድ፣ ቲቸር!» አለ። የአክስቴን ነገር ከተማው ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው። መምህሩ ሳቁን አስቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰኞ አንዷን ብቻ ይዘሽ ትመጪያለሽ» አለኝ። «ልክ ባትሆኝም ግድ የለኝም። ግን የያዝሻትን የማትለቂ ሁኚ። ማስረጃሽ ደግሞ ከወረቀቱ ላይ ይሁን፤ ከራስሽ አይደለም።» ከክፍል ስወጣ ይበልጣልና ጓደኞቹ «ኦሯ መጣች! ኦሯ መጣች!» እያሉ እስከ ቆሎ ሻጯ ድረስ ሸኙኝ። ስሙ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልለቀቀኝም።

በማግስቱ ለአባባ ነገርኳቸው። ያዝኑልኛል ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ። «አንዱን ይዘሽ አራቱን ልትጥይ? የተገኘ ፍች ይጣላል እንዴ? ምን ያለው መምህር ነው!»

«አባባ፣ ይኼ የአባቶች ቃል አይደለም። የመማሪያ ታሪክ ነው። አምስቱንም ፍች እኔ ነኝ ያመጣኋቸው።»

ይኼን ስል ጢማቸውን በሁለት ጣት ያዙ። «አንቺ ነሽ ያመጣሻቸው?» አሉ። «ከማን ሰምተሽ?»

«ከማንም። ከልቤ።»

«እንግዲያማ ጥፋቱ ያ ነው» አሉ። «ንባቡ ሳይቀና ትርጓሜ የለም። እኔ ዘንድ የመጣ ተማሪ መጀመሪያ ንባቡን እንደ ውኃ ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፍች የሚነካ። አንቺ ንባቡን መች አወረድሽ? በይ ተቀመጪ፣ አንብቢልኝ።»

«በእንግሊዝኛ ነው እኮ!»

«ጆሮ ቋንቋ አይመርጥም። አንብቢ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ተማሪዎቻቸው ቀለብ ፍለጋ ሄደዋል፤ ወይራው ሥር እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። አነበብኩ። ስደናቀፍ «ከላይ» ይሉኛል፤ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አንዲት ቃል ብዘል በትርጉሟ ሳይሆን በዜማዋ መጉደል ያውቁብኛል። ፀሐይዋ ከወይራው ወደ አጥሩ ስትሻገር ሁለቱ ገጽ በቃሌ ሆነ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆይተው ድንገት እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። ይኼ ሹዝ የምትይው ምንድን ነው?»

«ጫማ ነው።»

«ሁለቴ መጣ። መጀመሪያ ላይ አንዴ፣ አሁን መጨረሻው ላይ አንዴ። ፊት የት ነበር ጫማው?»

«በሩ ጥግ። የሳራ ጫማ ወንድሟ ከሄደ ጀምሮ አቧራ ለብሶ በሩ ጥግ ተቀምጧል ይላል።»

«አሁንስ?»

«አሁን…» አልኩና ያችን በሰማያዊ እንኳ ያላሰመርኩባትን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ነገርኳቸው። «ከዚያም ሳራ ጫማዋን አሰረች።» ከአፌ ስትወጣ ነው የሰማኋት። ተስፋ የቆረጠች ሴት ወደ አልጋዋ ትሄዳለች እንጂ ጫማ አታስርም። ዘይት የምትቆጥብም፣ የምታዝንም፣ ወንድሟን የምትጠብቅም፣ ሐዘን የተቀመጠችም ምሽት ላይ ጫማ አታስርም። ሳራ መጠበቅ ትታለች፤ ልትሄድ ነው። ወንድሟን ራሷ ልትፈልገው ነው። መስኮት ላይ መብራት የሚያስፈልገው ቤት ለሚቀመጥ ሰው ነው።

ቀና ብዬ ሳይ አባባ ተነስተው ነጠላቸውን እያጣፉ ነው። «እንግዲህ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም» አሉ። «የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ።» ወደ ሰርክ ጸሎት ሄዱ።

ፍቹን ማግኘት ቀላል ነበር። የቀድሞዎቹን አምስቱን መጣል ነው የከበደኝ። እሁድን ሙሉ አንዷን ስጽፍ ሌላዋ ትመጣብኛለች። ምናልባት መምህሩ የሚወደው ለአሮጊቷ ማዘኗን ይሆናል እላለሁ፤ ሁሉንም ካስገባሁ አንዷ ታስደስተዋለች እላለሁ። ያኔ ገባኝ፤ እኔ እንደ አባባ ሁሉን ለማክበር አልነበረም «ኦር» የምለው። እንዳልሳሳት ነበር። ከሳጥኑ የአክስቴን ሻሽ አውጥቼ አየሁትና መልሼ ከተትኩት። ከዚያ አንድ ሉክ አወጣሁና የመጀመሪያዋን መስመር ጻፍኩ፤ «ሳራ መብራቱን የሰጠችው ራሷ መንገድ ልትወጣ ስለሆነ ነው።»

ሰኞ መምህር አስናቀ ቆሜ እንዳነበው አደረገኝ። ስጨርስ «ጥያቄ ያለው?» ብሎ ክፍሉን አየ። የይበልጣል እጅ ወጣ።

«ጫማዋን ያሰረችው ልትጠፋ ሳይሆን መብራቱን ለአሮጊቷ ቤቷ ልታደርስላት ቢሆንስ?»

ክፍሉ «ኦ!» አለ። አንድ ሰው «ኦሯ አለቀላት» ሲል ሰማሁ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። በቃሌ የያዝኩትን ከላይ ጀምሬ በልቤ አወረድኩት፤ መልሱ ያለበት ቦታ ስደርስ ቆምኩ።

«አሮጊቷ በሩ ላይ ቆማ ነው መብራቱን በገዛ እጇ የተቀበለችው። ተቀብላም ሄዳለች ይላል፤ ሳራ ጫማዋን ያሰረችው ከዚያ በኋላ ነው። ለማድረስ ቢሆን አብራት ትሄድ ነበር።»

ይበልጣል ወረቀቱን ገለበጠ፣ በጣቱ መስመሩን ተከተለ፤ ከዚያ «ብሏል» አለና ተቀመጠ። መምህር አስናቀ የራሱን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ እንደገና አነበበው። «እኔ ለአሮጊቷ አዝና ይመስለኝ ነበር» አለ። «አሁንም ይመስለኛል። ግን ትሁን፣ ያንቺን ላፈርሰው አልቻልኩም።» ወረቀቴ ላይ የጻፈው ውጤት ክፍሉን አሳለፈኝ።

አክስቴ አንጓች ሰኔ ላይ ሲመጡ አባባ በር ላይ ጠብቀው «አልፋለች» አሏቸው። «ታዲያ ቡፍታዬን ማን ይለካልኝ?» አሉ አክስቴ፤ ግን እያሉ ሳቁ። ሻሹን ያን ቀን አሰርኩት። ሚኒስትሪውን አለፍኩ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛም ደረስኩ፤ ከዚያ ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። ሞጣም የሄድኩት በገዛ እጄ ጓዜን ሸክፌ ነው፤ አክስቴ አርጅተው ነበር፣ ወድጄ ነው የሄድኩት። በሱቃቸው ጨርቅ ለካሁ፣ አገባሁ፣ ልጆቼን አስተማርኩ። አባባም መምህር አስናቀም ዛሬ የሉም። የወይራው ዛፍ ግን አለ፤ ሥሩ የሚቀመጡት ሌሎች ልጆች ናቸው።

አሁን ያለሁበትን ልናገር። የባለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ነገ ይነበባል። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ሱቅ እየመጣች ሦስት ቀን ሙሉ ልታስተምረኝ ሞከረች፤ «እማማ ትሁን፣ ምን ያደክምዎታል? ስልኩ በሁለት ደቂቃ ይጽፍልዎታል እኮ» አለችኝ። ይጽፋል፤ የእሷን አይቼዋለሁ፣ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል። «መምህሩ ሲጠይቅሽስ ማን ይመልስልሻል?» አልኳት። «እሱንም ስልኩ» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። የሚያስቀው ግን ሌላ ነው። ዛሬ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ፣ ደንበኛ እስኪመጣ የጻፍኩትን ሳነብ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ኦር» አገኘሁ። ወረድ ብሎ ሌላ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አንድን ወጣት መምህር ለማስደሰት ሦስት ፍች አሰልፌያለሁ።

ታሪኩን ከላይ ጀምሬ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። ቡፍታ ልትገዛ የገባች ሴትዮ «ጸሎት ላይ ነሽ?» ብላ በር ላይ ቆመች። «ልጨርስ ነው፣ ግቢ» አልኳት። ለክቼ ቀደድኩላት። ስትወጣ እስክሪብቶ አንስቼ ሁለቱን ፍች ሰረዝኳቸውና አንዷን አስቀረሁ። ልክ ልትሆን ትችላለች፣ ላትሆንም ትችላለች። ወጣቱ መምህር ካልተስማማ ይጠይቀኝ፤ መስመሩን አውቀዋለሁ። ነገ ሱቁን ልጄ ትከፍታለች። ጫማዬን አቧራውን አራግፌ በሩ ጥግ አስቀምጬዋለሁ።